ወገቤ «ከቦታው ወጥቷል» ተባልኩ፤ የ36 ጊዜ ፓኬጅ ልፈርም ወይ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 38 ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም በረዳት ነርስነት እሠራለሁ። ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ሰባት ወር ሆኖኛል። አንዳንዴ ወደ ቀኝ መቀመጫዬ ይወርዳል፣ ከጉልበት በታች ግን አይሄድም። አንገቴም ጠዋት ጠዋት ይደርቃል። የሥራ ጓደኛዬ ወደ ካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ እየገፋ ወደሚያክም ባለሙያ) ወሰደችኝ። ኤክስሬይ አንስተው ‹አጥንትሽ ከቦታው ወጥቷል፣ የወገብሽም ኩርባ ጠፍቷል› አሉኝ። አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ወገቤንም አንገቴንም ጠምዘዝ አድርገው ያስጮሁታል። የዚያን ቀን ይቀለኛል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመለስብኛል። አሁን የ36 ጊዜ ሕክምና አስቀድሜ ከፍዬ ዓርብ እንድፈርም ይፈልጋሉ፤ በመሀል ሁለት ጊዜ ኤክስሬይ ይደገማል ብለዋል። እህቴ ደግሞ ጠንከር ያለ ማሳጅ ይሻልሻል ትላለች። እናቴ ከደሴ እየደወለች ‹እዚህ ነይና ወጌሻ ይይሽ› ትለኛለች። የማንን ልስማ? አንገት መጠምዘዙስ አያሰጋም?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም፤ ዓርብ አትፈርሚ። ይህ ማለት ግን በእጅ የሚሰጠውን ሕክምና እንዳለ ጣይው ማለቴ አይደለም። በአራቱ ቀጠሮ ያገኘሽው እፎይታ እውነተኛ ነው። የተሳሳተው እፎይታው ከየት እንደመጣ የተሰጠሽ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው ከተቃና ስንት ጊዜ መሄድ እንደሚበቃሽ፣ የቱን መተው እንዳለብሽ፣ ገንዘብሽንም የት ማዋል እንደሚሻልሽ አብሮ ይቃናል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ትምህርቱን ጎንደር ጀምሬ አሁን እዚሁ አሜሪካ የወገብና የአንገት ሕመም ላይ ነው የምሠራው፤ ከታካሚዎቼም ብዙዎቹ እንዳንቺ ሰው ሲያነሱና ሲያገላብጡ የሚውሉ ያገራችን ልጆች ናቸው።

መጀመሪያ ግን ማንም ሰው እጁን ወገብሽ ላይ ከማሳረፉ በፊት ሊጠይቅሽ የሚገባውን እኔም ልጠይቅሽ። ሽንት አልወጣ ብሎሽ ወይም ሳታውቂው አምልጦሽ ያውቃል? በጭኖችሽ መካከልና በመቀመጫሽ ዙሪያ የመደንዘዝ ስሜት አለ? ሁለቱም እግሮችሽ ይከዱሻል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ንባቡን አቁመሽ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። በአከርካሪ ታችኛው ጫፍ ያለው የነርቭ ጥቅል ታፍኖ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ትኩሳትስ አለሽ? ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ሳታስቢው ክብደት መቀነስ፣ ብትተኚም ብትቀመጪም የማይለቅ ሕመምስ? እዚህ ያሉ ሐኪሞች እንዲህ ሲጠይቁ በአብዛኛው የሚያስቡት ካንሰርን ነው። ለእኛ አገር ሰው ግን የአከርካሪ ቲቢም መታሰብ አለበት። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አገር ቤት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ተኝቶ ከቆየ በኋላ እዚህ ሊነቃ ይችላል፣ ሳልም ላይኖረው ይችላል። ጥሬ ወተት ስትጠጪ ካደግሽ፣ በእሱ የሚተላለፈው ብሩሴላ የሚባል ተህዋሲም ወገብን ያሳምማል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ሰው አከርካሪው መጠምዘዝም መታሸትም የለበትም፣ በቅድሚያ ሐኪም ይመርምረው። እግረ መንገዴን፣ «ኩላሊቴ ነው» ብለሽ ሳትሰጊ አልቀረሽም፤ ወገቡን ያመመው ሐበሻ ሁሉ ይሰጋል። የኩላሊት ሕመም በአብዛኛው ከጎድን አጥንት ሥር በአንድ ጎን ነው፣ ስታጎነብሺና ቀና ስትዪ አይለዋወጥም፤ ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥም አብሮት ይመጣል። ያንቺ ሕመም ወደ መቀመጫ የሚወርድ፣ ከጉልበት የማያልፍ ስለሆነ ከላይ የጠየቅኩሽ ነገር ሁሉ ከሌለሽ ተራ የወገብ ሕመም ሳይሆን አይቀርም። ተራ ስል ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ አደገኛ በሽታ ከጀርባው ያለ አይመስልም ማለቴ ነው።

አሁን ወደ አጥንቱ። «ከቦታው ወጥቷል» የሚለው አነጋገር የቆየ ነው። በ1895 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአዮዋ ግዛት በዳቬንፖርት ከተማ፣ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው የሕንፃው የጽዳት ሠራተኛ የነበረውን ሃርቪ ሊላርድን ጀርባውን በእጁ ገፋው። ሊላርድ ለዓመታት ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰማ ተባለ። ፓልመርም ከዚህ ተነሥቶ፣ ቦታውን የሳተ የአከርካሪ አጥንት ነርቭ እየተጫነ ከሞላ ጎደል በሽታን ሁሉ ያመጣል የሚል ትምህርት አቆመ። የመስማት ነርቭ ግን በጀርባ በኩል አያልፍም፤ ከጆሮ ተነሥቶ እዚያው ራስ ቅል ውስጥ ነው አንጎል የሚገባው። ሙያው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ዛሬ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ፈቃድ የሚሰጥበት ነው፤ ታካሚን በጥቂት ቀጠሮ አሽለው የሚያሰናብቱ፣ እኔም ሰው የምልክላቸው ጥሩ ጥሩ ካይሮፕራክተሮች አሉ። የፓልመርን ትምህርት ሳይለቁ የቀሩም አሉ። አንቺ የገጠመሽ ከእነዚህ ወገን ይመስለኛል።

አጥንት በእርግጥ ከቦታው ሲወጣ ምን እንደሚመስል ትከሻው ወልቆበት የሚያውቅ ሰው ይነግርሻል። የወገብ አጥንት ቢወልቅ ኖሮ ሙሉ ቀን ሠርተሽ መመለስ ቀርቶ ከአልጋ መነሣትም አትችይም ነበር። በእጅ ገፋ ማድረግ የአጥንትን አቀማመጥ ይለውጥ እንደሆነ በ1998 የስዊድን ተመራማሪዎች መርምረዋል። በአሥር ታካሚዎች የዳሌና የአከርካሪ አጥንት ውስጥ ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አስገብተው፣ የዳሌውን መገጣጠሚያ ከመግፋት በፊትና በኋላ በረቂቅ የኤክስሬይ ዘዴ ለኩ። በእጅ ሲመረምሩት «ተስተካክሏል» የተባለው መገጣጠሚያ በልኬቱ ላይ ፈቀቅ እንኳ አላለም ነበር።

ታዲያ ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ ምንድን ነው? በመገጣጠሚያዎች ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹም ውስጥ የሟሟ ጋዝ አለ። ሁለቱ የአጥንት ገጾች በድንገት ሲለያዩ ግፊቱ ይወድቅና፣ አምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ጋዙ ከፈሳሹ ተለይቶ ባዶ ክፍተት ይፈጥራል። በ2015 በካናዳ ሰው ጣቱ ሲጎተት በኤምአርአይ እየተቀረጸ ይኸው ታይቷል። አንዴ የጮኸ መገጣጠሚያ ለሃያ ደቂቃ ያህል ደግሞ አይጮህም፤ ጣትሽን አስጩሂና ወዲያው ድገሚው፣ ታዪዋለሽ። ድምፁ የአጥንት መግባት ምልክት አይደለም። ከታለመው ቦታም ላይመጣ ይችላል። በ2004 እዚያው ካናዳ ልምድ ያላቸው ካይሮፕራክተሮች አንድ የተወሰነ መገጣጠሚያ እንዲያስጮሁ ተደርጎ ድምፁ የወጣበት ቦታ ሲለካ፣ ወገብ ላይ ከታለመው በአማካይ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። በዚህ መንገድ የሚታከሙ ሰዎች ግን ይቀላቸዋል። እፎይታው አንዲት አጥንትን ለይቶ ከመመለስ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

እኔ ለታካሚዎቼ የምሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው። ሰባት ወር የቆየ ሕመም ሲኖር በአካባቢው ያሉ ነርቮችም አከርካሪም አንጎልም ንቁ ጠባቂ ይሆናሉ፤ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ትንሽ እንቅስቃሴም እንደ አደጋ ይቆጠራል። የሰው እጅ ሲያርፍ፣ ሲገፋ፣ ሲዘረጋና ሲያሽ ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ብዙ መልእክት በአንዴ ወደ አከርካሪ ይገባና የሕመሙን መልእክት ያደበዝዘዋል። የጡንቻው መጥበቅ ይላላል። የሚተማመኑበት ሰው በትኩረት መርምሮ ሲነካሽ የሚገኘው እርጋታም የራሱ ድርሻ አለው፤ ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም፣ ሕመምን የሚያዳምጠው ያው አንድ የነርቭ ሥርዓት ስለሆነ ነው። ይህ ሁሉ ሰዓታት፣ ሲበዛ ጥቂት ቀናት ይቆያል። ያንቺም ሕመም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚመለሰው አጥንቱ እንደገና ሾልኮ ወጥቶ አይደለም። የነርቩ መርገብ ጊዜው አልቆ ነው፤ ከሥር ያለው የወገብሽ አቅምና ከላዩ የሚጫነው ሥራ ደግሞ እንደነበሩ ናቸው።

ጥናቶቹም ከዚሁ ጋር ይስማማሉ። በ2017 የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ አዲስ የወገብ ሕመም ላይ አከርካሪን ማስተካከል የሚባለው ሕክምና እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሕመሙን ከመቶ በአሥር ነጥብ ያህል ይቀንሳል። ጥቅም አለው፣ ተአምር ግን አይደለም። እንዳንቺ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ ሕመም ደግሞ በ2019 አርባ ሰባት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ውጤቱ እንደ እንቅስቃሴ ካሉት የተለመዱ ሕክምናዎች ጋር ተቀራራቢ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ ወር 2023 ለሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ትምህርትንና እንቅስቃሴን ሲያስቀምጥ በእጅ የሚሰጠውን የአከርካሪ ሕክምናና ማሳጅንም ከሚመከሩት ውስጥ አስገብቷል፤ የወገብ ቀበቶን፣ መጎተቻ መሣሪያንና ኦፒዮይድ የሚባሉትን እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎችን ደግሞ እንደ ተለመደ ሕክምና እንዳይሰጡ ብሏል። ስለዚህ የሥራ ጓደኛሽ የወሰደችሽ መንገድ በራሱ ጥፋት የለበትም።

ጥፋቱ 36 ላይ ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 400 ሰዎች በአራት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን ምንም ሳያስተካክል፣ ሌሎቹን ስድስት፣ አሥራ ሁለት እና አሥራ ስምንት ጊዜ አከማቸው። የተሻለ ሆኖ የተገኘው አሥራ ሁለቱ ነው፤ እሱም ልዩነቱ መጠነኛ ነበር። አሥራ ስምንት ጊዜ የተስተካከሉት ተጨማሪ ትርፍ አላገኙም። ሠላሳ ስድስትን የሚደግፍ ነገር እኔ አላውቅም። የእኔ አካሄድ ከዚህም ያነሰ ነው፦ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ፤ ከዚያ እፎይታው ከጉብኝት ወደ ጉብኝት እየረዘመ ካልሄደ እናቆማለን። አንቺ አራት ጊዜ ሄደሽ እፎይታው አሁንም ያው ሁለት ሦስት ቀን ከሆነ፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ብትሄጂ የምትገዢው ሠላሳ ስድስት ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ነው።

ስለ ኤክስሬዩም ላንሳ። የወገብ ኩርባ ሰው እንደቆመበት ሁኔታ ይለዋወጣል፤ ወገቡን ያመመው ሰው ደግሞ ጡንቻው ስለሚጠብቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ኩርባሽ ጠፍቷል» የሚለው ሕመም እንዳለብሽ ይናገር ይሆናል፣ ሕመሙን ያመጣው እሱ ነው ለማለት ግን አያበቃም። «ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) አርጅቷል» የሚል ወረቀት ከዚህ በኋላ ቢሰጥሽም አትደንግጪ፦ በ2015 የወጣ ሰፊ ግምገማ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች አከርካሪ ሲያይ፣ በሃያ ዓመታቸው ካሉት 37 በመቶው፣ በሰማንያ ዓመታቸው ካሉት 96 በመቶው የዲስክ እርጅና ነበረባቸው። ኤክስሬዩን እየደጋገሙ ማንሣትን በተመለከተ የእኔን ቃል መቀበል የለብሽም። የአሜሪካ የካይሮፕራክተሮች ማኅበር ራሱ በ2017 ለአባላቱ ባወጣው ምክር፣ የታካሚን መሻል ለመከታተል ብላችሁ የአከርካሪ ምስል አትድገሙ ብሏል። በዚያው ዝርዝር ላይ፣ ታካሚውን ተኝቶ የሚቀበል ብቻ የሚያደርግ ሕክምናን፣ ታካሚው ራሱ የሚንቀሳቀስበትን ዕቅድ የሚያግዝ ካልሆነ፣ አታራዝሙ የሚል አለ። ይህን የገዛ ማኅበራቸውን ቃል ይዘሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

እህትሽ ስላለችው ማሳጅ። ማሳጅም ከላይ ባልኩት መንገድ ነው የሚሠራው፣ ውጤቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ እንዲያውም ድምፅና መጠምዘዝ ለሚያስፈራው ሰው እኔ ማሳጅን አስቀድማለሁ። ነገር ግን «ጠንከር ያለ» የሚለው ላይ ልቆጣሽ ነው። ብዙ ሰው ሥጋው ካልሰነበረ የታሸ አይመስለውም። ጡንቻን የሸፈነው ጠንካራ ስስ ሽፋን በእጅ ተለጥጦ ይፈታል የሚለው አሳብ በ2008 በስሌት ተፈትሾ ነበር፤ የጭኑን ጎን ሽፋንና የውስጥ እግሩን ጠንካራ ክር አንድ በመቶ እንኳ ለመጭመቅና ለማንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል ከሰው እጅ አቅም በላይ ሆነ። ባለሙያዋ በክርኗ ስትጫንሽ የሚፈርስ ነገር የለም ማለት ነው፤ እጇ ሥር የሚሰማት «ቋጠሮ» ሲላላም የላላው ጡንቻውን የሚያዝዘው ነርቭ ነው። በ2012 ከባድ ስፖርት ከሠሩ ወጣቶች ጭን ላይ ናሙና ተወስዶ ሲታይ የአሥር ደቂቃ መታሸት የመቆጣት ምልክቶችን ቀንሷል፤ «አሲድ ያወጣል» የሚባለው ግን አልታየም። ስለዚህ ልኩ ይህ ነው፦ በምትታሺበት ጊዜ ትንፋሽሽን መያዝ ከጀመርሽ በዝቷል። ጥርስ ነክሰሽ የምትችዪው እሽት ጡንቻውን መልሶ ያጠብቀዋል፣ በማግስቱም ያደክምሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሐበሻ በተለይ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጦ የመጣ ሰው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዱ ባቱ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመው በምንም ዓይነት እንዳይታሽ። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ደግሞ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድም ሰው ጠንካራ እሽት አይደረግለትም።

እናትሽን በተመለከተ፣ የወጌሻን ነገር አቃልዬ አላልፍም። በብዙ የአገራችን ክፍል ወለምታና ውልቃት የገጠመው ሰው የመጀመሪያ ደጁ ወጌሻ ነው፤ የእግር ኳስ ቡድኖቻችንም የጉዳት ባለሙያቸውን ወጌሻ ብለው ነው የሚጠሩት። ጥሩ ወጌሻ እጁ ያያል። ቅቤ ወይም ዘይት ቀብቶ ሲያሽ የሚሰጠው እፎይታ እዚህ በሰዓት ሰማንያና መቶ ዶላር ከሚከፈልበት የተለየ አይደለም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ስብራትን በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ሲያስር ደም እየተቋረጠ እጅና እግር እስከ መቆረጥ የደረሱ፣ ልጆችም ጭምር፣ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ወገብ ላይ ደግሞ ከላይ ያልኩትን የአከርካሪ ቲቢ በእጅ ለይቶ የሚያውቅ የለም፤ እኔም በእጄ ብቻ ለይቼ አላውቀውም። እናትሽን «ለወለምታ ቢሆን እሺ፣ ለወገቤ ግን እዚህ እየታየሁ ነው» ብትያቸው የልባቸውን ስጋት ያቀልላቸዋል። ለወገብ ብሎ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግሽም።

አሁን አንገትሽ። እዚህ ላይ አሳቤ ጠንካራ ነው፦ የአንገትሽን ፈጣን መጠምዘዝ ከዓርብ ጀምሮ አቁሚ። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት አራት ዋና ደም ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች የጎን ቀዳዳዎች ውስጥ ሽቅብ ያልፋሉ፤ ራስ ቅል ከመግባታቸው በፊት በላይኞቹ ሁለት አጥንቶች ላይ ይጠማዘዛሉ። ራስ በኃይል ሲዞር የሚወጠሩት እዚያ ነው፤ የውስጥ ግድግዳቸው ከተሰነጠቀ ደም ይረጋና ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነገር ነው። በ2008 የወጣ የኦንታሪዮ ጥናት እንዲያውም፣ እንዲህ ያለ ስትሮክ የገጠማቸው ሰዎች አስቀድመው ወደ ካይሮፕራክተር እንደሄዱት ሁሉ ወደ ቤተሰብ ሐኪምም ሄደው እንደነበር አሳይቷል፤ ደም ሥሩ ቀድሞ ሲሰነጠቅ ራሱ የአንገትና የራስ ሕመም ያመጣልና ሰው ያንን ሊታከም ይሄዳል። ስለዚህ መጠምዘዙ ምን ያህል ያመጣዋል የሚለው ክርክር አለበት። እኔ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠብቅም፣ ምክንያቱም አንገትሽ ያለዚህ ይድናል። በ2012 በ272 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጥቂት ጊዜ ተምሮ ቤት ውስጥ የሚሠራ የአንገት እንቅስቃሴ በሦስት ወር ውስጥ ከማስተካከሉ ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል፤ ማስተካከሉ ከመድኃኒት ይሻል ነበር፣ እንቅስቃሴውም በስድስት ወር ላይ ከመድኃኒት በልጧል። ጥቅሙ እኩል ከሆነ፣ ትንሿን አደጋ ለምን እንሸከማለን? አንገትሽን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከሚደርስበት አዙሪ፣ በየአቅጣጫው አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ድንገት አይተሽው የማታውቂው ዓይነት የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ ማዞር፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የአፍ መተሳሰር፣ ፊት መደንዘዝ፣ መዋጥ መቸገር ወይም መንገዳገድ ከመጣ 911 ደውዪ፤ ማንም እንዳይነካሽ።

ከሁሉም በላይ ልቤ ያለው ግን ሥራሽ ላይ ነው። አንቺ ነርሲንግ ሆም የምትሠሪ ሰው ነሽ፤ ከሰባት ወር በፊት የጀመረውን ሕመም በየሥራ ቀንሽ ሰው እያነሣሽ እያወረድሽ ታሳድጊዋለሽ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ተመራማሪ በ2007 ባቀረበው ስሌት፣ ታካሚን በእጅ ሲያነሱ ጥሩ በሚባለው ሁኔታ እንኳ ከ35 ፓውንድ ማለፍ አይገባም፤ አሥራ ስድስት ኪሎ ማለት ነው። አንድ አዛውንት እግራቸው ብቻ ያን ያህል ሊመዝን ይችላል። ሆየር ሊፍቱ (ታካሚ ማንሻው መሣሪያ) ኮሪደር ላይ ቆሞ «ጊዜ ይፈጃል» ተብሎ በክንድ ማንሣት ከተለመደ፣ የትኛውም እጅ አንቺን አያሽልም። አልጋውን እስከ ዳሌሽ ቁመት ከፍ አድርጊ። ሰው ለማገላበጥ ሁለተኛ ሰው ጥሪ። ሕመሙ ከሥራው ጋር የመጣ ከሆነም ለተቆጣጣሪሽ በጽሑፍ አስታውቂ፤ የሥራ ላይ ጉዳት መብት አለሽ፣ ዝም ሲባል ነው የሚጠፋው።

ቤት ውስጥ ከምታደርጊው አንዱን በደንብ ላሳይሽ። የመጥረጊያ እንጨት አምጪና ከኋላሽ ቁመት በቁመት ያዢው፤ የጭንቅላትሽን ኋላ፣ የትከሻሽን መካከልና የጭራ አጥንትሽን በሦስቱም ቦታ ይንካ። ጉልበትሽን በትንሹ አላላ አድርገሽ፣ በር በመቀመጫሽ የምትዘጊ ይመስል ዳሌሽን ወደ ኋላ ግፊ። ከላይ ያለው አካልሽ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እንጨቱ ከሦስቱ ቦታ አንዱን ከለቀቀ ከወገብ ታጥፈሻል፣ ተመለሺና ድገሚው። የጭንሽ ኋላ ሲወጠር ይሰማሻል፤ ትክክል ነው። ይህን በቀን ሁለቴ አሥር አሥር ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያዢው። ከዚያ ያለ እንጨቱ፣ በጉልበት ቁመት ካለ ወንበር ላይ አሥር ፓውንድ የሚሆን ነገር አንሺ። በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሪ። ያቺን ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ከወንበር ላይ ስምንት ጊዜ ሳይከብድሽ ስታነሺ ወገብሽ ብዙ መንገድ ሄዷል። መጠነኛ ሕመም ቢሰማሽ አትፍሪ፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ደኅና ነው፣ ካልተመለሰ ጭነቱን ቀንሺ። መራመድም አለ። በአውስትራሊያ ከወገብ ሕመም ገና ያገገሙ 701 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2024 የወጣ ጥናት፣ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ደቂቃ ወደ መራመድ የደረሱት ሕመሙ እስኪመለስባቸው በመካከለኛ ስሌት 208 ቀን ቆዩ፤ ካልተራመዱት ዘንድ 112 ቀን ነበር።

በእጅ የሚሰጠው ሕክምና ቦታው እዚህ ነው። የሚቀልሽን ሁለት ቀን ለዕረፍት አታውይው፤ የእንጨቱን ልምምድና መራመዱን በእነዚያ ቀናት አድርጊ። ሕመም ሲበርድ ጡንቻ አይፈራም፣ የበለጠ ትችያለሽ። አንድ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ጥሩ ካይሮፕራክተር ሁለቱን በአንድ ቀጠሮ አብሮ ያስኬድልሻል። በሜሪላንድ ያለ ሐኪም ሪፈራል ፊዚዮቴራፒስት ጋ መሄድ ይቻላል፤ ኢንሹራንስሽ ግን ሪፈራል ሊጠይቅ ስለሚችል ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ።

ዓርብ ስትሄጂ እንዲህ በያቸው፦ «አስቀድሜ አልከፍልም፣ በየቀጠሮው እከፍላለሁ። አንገቴ እንዳይጠመዘዝ። ኤክስሬይ አይደገም። ከሁለት ጉብኝት በኋላ እፎይታው ካልረዘመ አቆማለሁ፤ ቤት የምሠራውን እንቅስቃሴም አሳዩኝ።» በዚህ የሚስማማ ከሆነ ሁለቱን ጉብኝት ሂጂ። «ካልፈረምሽ አጥንትሽ ይባባሳል» ከተባልሽ ግን የኤክስሬይሽን ቅጂ ጠይቀሽ ውጪ፤ ቅጂው በሕግ የማግኘት መብትሽ ነው፣ የቤተሰብ ሐኪምሽ ይየው። ከጉልበት በታች መውረድ፣ መደንዘዝ ወይም የእግር ጣት ማንሣት መቸገር ከጀመረሽ ዓርብንም ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ሂጂ።